ከአትክልት ስፍራ እስከ መርፌ፦ ተፈጥሮን በሥዕል፣ በኅትመትና በጥልፍ የማጥናት ሂደት ከሞሪስ ቤተሰብ ሥራዎች አንጻር

አጠቃሎ

የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ተማሪዎች ከተፈጥሮ የወሰዱትን ሥዕል ወደ ኅትመትና ወደ ጥልፍ ሲያሳድጉ፣ ሂደቱ ብዙ ጊዜ አንድን ምስል ከወረቀት ወደ ጨርቅ እንደ ማዛወር ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዛዊው ንድፍ ሠሪ በዊልያም ሞሪስና በልጁ በሜይ ሞሪስ ሥራዎች ላይ በመመሥረት ይህን አመለካከት ይፈትሻል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሥዕል፣ ኅትመትና ጥልፍ እያንዳንዳቸው ተክሉን እንደ አዲስ ማጥናትን የሚጠይቁ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው የሚል ነው። በመጨረሻም ግኝቱ ለኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ትምህርት፣ በተለይም ለተማሪ ሥራ ምዘና ያለውን ፋይዳ ያመለክታል።

መግቢያ

በጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ትምህርት በተደጋጋሚ ከሚሰጡ የተግባር ሥራዎች አንዱ ከተፈጥሮ ተነሥቶ ንድፍ መሥራት ነው። ተማሪው ቅጠል፣ አበባ ወይም ወፍ ይመርጣል፤ በእርሳስ ወይም በውኃ ቀለም ያጠናል፤ ከዚያም ጥናቱን ወደ ተደጋጋሚ ኅትመት፣ በመጨረሻም ወደ ጥልፍ ያሳድጋል። ሥራው ሲታዘዝ ቀላል ቢመስልም በአፈጻጸም ላይ ሁለት ችግሮች ያጋጥማሉ። አንደኛው፣ ተማሪው ተክሉን ራሱን ሳያይ አስቀድሞ ከተዘጋጁ ምስሎች መነሣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ሥራ የእጅ ቅልጥፍና ጉዳይ ብቻ አድርጎ መቁጠሩ ነው። የሁለቱም ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ በጨርቁ ላይ የሚታየው አበባ የየትኛውም ተክል አበባ ሳይሆን ይቀራል።

ስለዚህ የጽሑፉ መነሻ ጥያቄ «ከተፈጥሮ የተወሰደ ሥዕል ወደ ኅትመትና ወደ ጥልፍ ሲያልፍ ምን ይቀርበታል? ምንስ ይጨመርለታል?» የሚል ነው። የሞሪስ ቤተሰብ ሥራዎች የተመረጡት አንድ ዓይነት የአትክልት ስፍራ ጭብጥ ከሥዕል ወደ ኅትመት፣ ከኅትመትም ወደ ጥልፍ ሲሸጋገር በሁለት ትውልድ ውስጥ ለመከተል ስለሚያስችሉ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕል፦ የማየት ደረጃ

ዊልያም ሞሪስ (1834–1896) በ1860 በኬንት ግዛት ቤክስሊሂዝ በተባለ ስፍራ ወደ ተሠራው «ሬድ ሀውስ» ገባ። የዚህ ቤት የአትክልት ስፍራ ጽጌረዳ በሚወጣባቸው የእንጨት ርብራቦች የተከፋፈለ ነበር። ሞሪስ በ1862 «ትሬሊስ» የተባለውን የግድግዳ ወረቀት የነደፈው ከእነዚህ ርብራቦች ተነሥቶ ነው። ንድፉ ቀላል ነው፤ አግድምና ቁም የተደረደሩ እንጨቶች፣ በመካከላቸው የሚጠላለፍ ጽጌረዳ፣ በዙሪያውም ወፎች ይታያሉ። ሆኖም ወፎቹን የሣላቸው ሞሪስ ሳይሆን የቤቱ አርክቴክት ፊሊፕ ዌብ ነበር፤ ሞሪስ በራሱ የወፍ ሥዕሎች አልረካም ነበርና። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን እጅግ የታወቁትን ወፎቹን ራሱ ነድፏል።

ይህ ጥቃቅን የሚመስል መረጃ ለተማሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ሞሪስ የጽጌረዳውን አወጣጥ ያውቅ ስለ ነበር በድፍረት ነደፈው፤ ወፉን ገና በበቂ ስላላጠና ለሚያውቅ ሰው ተወው። ከተፈጥሮ የሚሣል ሥዕል ዋና ግብ ያማረ ገጽ መሥራት ብቻ አይደለም፤ ሣዩ የማያውቀውን ነገር ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግም ነው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኘው በየት ነው? ቅርንጫፉ የሚወጣው ከቅጠሉ ብብት ነው ወይስ ከሌላ ቦታ? ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ ወይስ ይፈራረቃሉ? እነዚህ ጥያቄዎች በሥዕሉ ደረጃ ካልተመለሱ በኋላ በኅትመቱም ሆነ በጥልፉ ላይ ክፍተት ሆነው ይወጣሉ። ሞሪስ በ1887 ላወጣው «ዊሎው ባው» ለተባለው የአኻያ ዛፍ ንድፍም መነሻው በኬልምስኮት መኖሪያው አቅራቢያ በወንዝ ዳር ያያቸው የአኻያ ቅጠሎች እንደ ነበሩ ልጁ ሜይ ጽፋለች።

ኅትመት፦ የሥርዓት ደረጃ

«ትሬሊስ» ወደ ኅትመት ሲገባ የመጀመሪያው እንቅፋት ከቁሳቁስ መጣ። ሞሪስ በመጀመሪያ በዚንክ ሰሌዳ ለማተም ሞክሮ ሥራው አድካሚ ሆነበት። በኋላ ኅትመቱ በዚህ ሙያ ለሠለጠነው ለጄፍሪ ኩባንያ ተሰጥቶ፣ በተቀረጸ የእንጨት ማተሚያ ተከናወነ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማተሚያ እንጨት ያስፈልገዋል። ውኃ ቀለም በወረቀት ላይ የሚሰጠውን ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ጥላ የተቀረጸ እንጨት አይሰጥም፤ ጥላው ወደ መስመር ወይም ወደ ነጠብጣብ መለወጥ አለበት። እንግዲህ ሥዕሉ ወደ እንጨት ሲገባ የሚያጣው ነገር አለ፤ ያጣውን የሚተካ ነገር መፈለግ ደግሞ የንድፍ ሠሪው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የድግግሞሽ ነው። ሥዕል ጠርዝ አለው፤ የኅትመት ጨርቅ ግን ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። በመሆኑም የምስሉ ቀኝ ጠርዝ ከግራው፣ ላዩ ከታቹ ጋር መገናኘት ይኖርበታል። «ስትሮውቤሪ ቲፍ» ወይም «የእንጆሪ ሌባ» የተባለው የ1883 የጥጥ ጨርቅ ኅትመት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መነሻው በኬልምስኮት የአትክልት ስፍራ እንጆሪ ሲሰርቁ የታዩ ወፎች ናቸው። ሜይ እንደ ጻፈችው፣ አትክልተኛው በወፎቹ ቢበሳጭም ሞሪስ እንዳይነኩ ከልክሎ ነበር። በንድፉ ላይ ግን ወፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል መስሎ ፊት ለፊት ይታያሉ። በየትኛውም የአትክልት ስፍራ ወፎች እንዲህ ተመዛዝነው አይቆሙም። ሚዛኑ የመጣው ከድግግሞሹ ሥርዓት ነው። ያም ሆኖ ሞሪስ የትዕይንቱን ዋና ነገር፣ ማለትም በምንቃር የተያዘውን እንጆሪ አልተወም። ሥርዓቱ የወፎቹን አቋቋም ለወጠ እንጂ የታየውን ድርጊት አልሰረዘም።

የቀለም ሥራውም የራሱን ውሳኔ አስከትሏል። ሞሪስ ከ1875 ጀምሮ በሊክ ከተማ ከቀለም ነካሪው ከቶማስ ዋርድል ጋር የተፈጥሮ ማቅለሚያዎችን ተምሯል። በ1881 የራሱን ማምረቻ በመርተን አቢ አቋቋመ። «የእንጆሪ ሌባ» የታተመው በዚያ ነው። ጨርቁ በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ በኢንዲጎ ሰማያዊ ይነከራል፤ ቀጥሎ ቀለም የሚያነጣ ንጥረ ነገር በማተሚያ እንጨት እየታተመ፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ መሆን ከሚገባው ቦታ ላይ ሰማያዊው ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ቀዩና ቢጫው በየተራ ይጨመራሉ። ሂደቱ ቀናት ስለሚወስድ ጨርቁ በድርጅቱ ከተሸጡት የጥጥ ኅትመቶች ውድ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ የሥራው አቅጣጫ መገልበጡን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሣዩ በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመር እየጨመረ ይሄዳል፤ በኢንዲጎ የማንጣት ዘዴ ግን ምስሉ የሚወጣው ከጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ቀለም እየተቀነሰ ነው። ስለሆነም ንድፍ ሠሪው ተክሉን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሳይሆን ከጨለማ ወደ ብርሃን ደግሞ ማሰብ ይኖርበታል። ሞሪስ በ1881 ስለ ንድፍ አሠራር ባደረገው ንግግር ውበት፣ ምናብና ሥርዓት ተነጣጥለው መታየት እንደማይገባቸው አስገንዝቧል። ለእርሱ ጌጥ ከራሱ አልፎ ሌላ ነገር የማያስታውስ ከሆነ ከንቱ ነበር።

ጥልፍ፦ የአቅጣጫ ደረጃ

ሜይ ሞሪስ (1862–1938) በወጣትነቷ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጥልፍ አጠናች። በ1885፣ ገና በ23 ዓመቷ፣ የአባቷን ድርጅት የጥልፍ ክፍል በኃላፊነት ተረከበች። በ1893 ያሳተመችው ስለ ጌጥ ጥልፍ የሚያስተምር መጽሐፏም የስፌት ዓይነቶችን ከንድፍና ከቀለም ምርጫ ጋር አያይዞ ያቀርባል።

ለዚህ ጥናት ከሥራዎቿ ይበልጥ የሚጠቅመው በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኬልምስኮት ለሚገኘው የአባቷ አልጋ የነደፈችው መጋረጃ ነው። በጥልፉ ላይ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ የሚወጡ ሐረጎችና ወፎች ይታያሉ፤ ይህም የአባቷን የ1862 «ትሬሊስ» ያስታውሳል። በሬድ ሀውስ የአትክልት ስፍራ የነበረው የእንጨት ርብራብ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በግድግዳ ወረቀት በኩል አልፎ ወደ ሱፍ ክር ደረሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ጥልፉ የኅትመቱ ግልባጭ አይደለም። ልዩነቱ ከክሩ ባሕርይ ይመነጫል። በኅትመት አንድ አረንጓዴ ቀለም በቅጠሉ ገጽ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በጥልፍ ግን ክር ብርሃንን የሚመልሰው እንደ ተሰፋበት አቅጣጫ ነው። ከቅጠሉ መሐል አጥንት በግራና በቀኝ ተቃራኒ አቅጣጫ የተሰፋ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ክር፣ ለተመልካች ሁለት አረንጓዴ መስሎ ይታያል። በዚህም ጠላፊዋ ኅትመት ያጣውን ጥላ ቀለም ሳትጨምር ትመልሰዋለች። ይህን ለማድረግ ግን የቅጠሉ ሥሮች ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ አለባት። ኅትመቱ የቅጠሉን ቅርጽ ብቻ ይዞላት ከመጣ፣ የክሩን አቅጣጫ ከኅትመቱ ልታገኝ አትችልም፤ ወደ መጀመሪያው የተፈጥሮ ጥናት፣ ወይም ወደ ተክሉ ራሱ መመለስ ይኖርባታል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። ከሥዕል በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ ደረጃ በሥዕሉ ያልተነሣ አዲስ ጥያቄ ለተክሉ ያቀርባል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። ሜይ በ1883 የነደፈችው «ሃኒሰክል» የተባለው የግድግዳ ወረቀት ለረጅም ጊዜ የአባቷ ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። የአልጋውን መጋረጃም ከሜይ ጋር ሌሎች ሴቶች ጠልፈውታል። ጥልፍ የሌላውን ንድፍ እንደ መፈጸም ብቻ ሲቆጠር፣ በመርፌ የተደረገው ውሳኔ ከነባለቤቱ ይረሳል።

ለኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ትምህርት ያለው ፋይዳ

ከላይ የታየው ሂደት የእንግሊዝን ንድፎች መቅዳትን አይጠይቅም። የሚጠቅመው የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ይህም በሌላ ተክልና በሌላ የጨርቅ ባህል ሊፈተን ይችላል። በኢትዮጵያ ለተማሪ ቅርብ የሆነው ምሳሌ አደይ አበባ ነው። በየመስከረሙ በካርድ፣ በልብስና በማስታወቂያ ላይ ስለሚታይ ሁሉም የሚያውቀው ይመስላል። ሆኖም ተማሪው ተክሉን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሲሥል ከለመደው ምስል የተለየ ነገር ያገኛል። አደይ አበባ ከሱፍ አበባ ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ስለሆነ፣ አንድ አበባ የሚመስለው በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ ቅጠሎቹም ድፍን ሳይሆኑ የተከፋፈሉ ናቸው። በልማድ በሚሣለው ምስል ላይ እነዚህ ሁለት ነገሮች አዘውትረው ይቀራሉ።

በሁለተኛው ደረጃ በአንድ ቀለምና በአንድ የተቀረጸ እንጨት ማተም ይበቃል። ተማሪው የመሐሉን ጥቃቅን አበቦች በነጠብጣብ መግለጽ ወይም መተው እንዳለበት ይወስናል። በሦስተኛው ደረጃ በአገሪቱ የጨርቅ ባህል ውስጥ ያለ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ይገለጣል፤ ይኸውም በጥለትና በጥልፍ መካከል ያለው ነው። ጥለትን ሸማኔው የሚያወጣው ከድሩ ላይ ክር እያነሣ ባለቀለም ማግ በማስገባት ስለሆነ፣ የምስሉ ጠርዝ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይሄዳል፤ ክብ ነገር ወደ ባለማዕዘን ቅርጽ ያደላል። ጥልፍ ግን በመርፌ ስለሚሠራ በፈለገው አቅጣጫ ይታጠፋል። ያው አደይ አበባ በጥለት ሲወጣ የተቆጠረ ማዕዘን፣ በጥልፍ ሲወጣ ከመሐል ወደ ዳር የሚፈስ ክር ይሆናል። የእንሰት ቅጠል ደግሞ ከመሐል አጥንቱ ወደ ዳር ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥሮቹ የተነሣ የክርን አቅጣጫ ለማጥናት ምቹ ነው፤ ነፋስ ሲቀደውም የሚቀደደው በእነዚሁ ሥሮች መስመር ነው። ይህን ያየ ተማሪ መርፌውን ወዴት መምራት እንዳለበት ሌላ መምህር አያስፈልገውም።

ማጠቃለያ

የሞሪስ ቤተሰብ ሥራዎች እንደሚያሳዩት፣ ከተፈጥሮ የተነሣ የጨርቅ ንድፍ ጥራት የሚለካው የመጨረሻው ምስል የመጀመሪያውን ሥዕል በመምሰሉ አይደለም። ሥዕል የተክሉን አሠራር ያሳውቃል፤ ኅትመት ያን እውቀት በድግግሞሽና በውስን ቀለም ሥርዓት ያስይዛል፤ ጥልፍ ደግሞ በክር አቅጣጫ አማካይነት ተክሉን እንደ ገና ያጠናል። በየደረጃው የሚቀር ነገር መኖሩ አይቀሬ ነው። ልዩነቱ ያለው አውቆ በመተውና ባለማወቅ በማጣት መካከል ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በተማሪ ሥራ ምዘና ላይ የተጠናቀቀው ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮ ጥናት ሥዕሎች፣ የኅትመት ሙከራዎችና የስፌት ናሙናዎች አብረው ሊታዩ ይገባል። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ ምን እንደ ተወ፣ ምን እንደ ጨመረና ለምን እንዲህ እንዳደረገ በአጭሩ እንዲጽፍ ቢጠየቅ ውሳኔዎቹ ለመምህሩም ለራሱም ግልጽ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ሥራው በጋራ በሚሠራበት ጊዜ ንድፉን ያወጣው፣ ማተሚያውን የቀረጸው፣ ጥለቱን የሸመነውና ጥልፉን የጠለፈው ሰው ስም በየድርሻው ሊመዘገብ ይገባል። ምዘናው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ እስካየ ድረስ፣ ተክሉን ለወራት ያጠናም ሆነ የተዘጋጀ ምስል የቀዳ ተማሪ እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ።