ለዝሆኑ የዝሆን አካል፦ አራት ቤት የሚይዝ የሰንጠረዥ ጠጠር ለመሥራት

በቡሬና በፍኖተ ሰላም እንጨት የምትሠሩ ወጣቶች፣ ተማሪ ሰብስባችሁ ቼዝ የምታስተምሩ መምህራን፣ ይህ ምክር አዲስ ጨዋታ አስባችሁ ጠጠሩን በእጃችሁ ለመቅረጽ ለምትፈልጉ ነው። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሕጉ ሳያልቅ መሮ አታንሡ።

መነሻችን የገዛ ሰንጠረዣችን ይሁን። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ያልተቀባ፣ መስመር ብቻ የተጣለበት ጨርቅ ነበር። ጨዋታው በወረራ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ከጠጠሮቹ አንዱ ፊል፣ ማለትም ዝሆን ነው። ስሙ ግን ከጉልበቱ ይበልጣል። በሰያፍ ሁለት ቤት ስለሚዘል፣ ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። እስቲ አካል እንስጠውና ሁለት በሁለት ሆኖ አራት ቤት ይያዝ።

አቋቋሙ፦ መሐሉ ሁለት መስመሮች በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ይረፍ። በሰሌዳው ውስጥ እንዲህ ያሉ ነጥቦች 49 ናቸው፤ ዝሆኑም 49 መቆሚያ አለው ማለት ነው። ሲጀመር በፈረስና በፊል ቦታ፣ ከፊታቸው ያሉትን ሁለት መደቆች፣ ማለትም ወታደሮች፣ ጨምሮ ይቁም። አራት ጠጠር ተክቷልና የአራት ጠጠር ሥራ ይጠበቅበታል።

አካሄዱ፦ በአንድ ተራ አንድ ቤት ወደፊት፣ ወደኋላ ወይም ወደ ጎን ይሂድ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት አዲስ ቤት ይረግጣል፤ በሁለቱም ጠላት ካለ ሁለቱንም ይበላል። በሰያፍ እንዲሄድ ከፈቀዳችሁ ግን በአንዴ ሦስት አዲስ ቤት ስለሚረግጥ ጉልበቱ ይበዛል። ለጀማሪ ሰያፉን ተዉት።

ጠብ የሚያስነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ አዲስ ቤቶች በአንዱ የራሱ ወገን፣ በሌላው የጠላት ንጉሥ ቢኖርስ? ዝሆኑ ወገኑን ረግጦ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ያን ንጉሥ አያሰጋውም በሉ። ውሳኔው ተጽፎ ይቀመጥ።

አሟሟቱ፦ ትልቅ አካል ለመመታት ይመቻል። ከአራቱ ቤቶች አንዱ ሲመታ ዝሆኑ በሙሉ ይውጣ፣ መቺው ጠጠርም በመታው ቤት ይቁም። ሁለት ጊዜ ቆስሎ ይሙት የምትሉ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስቀድሙ፤ ዝሆኑ ገና ቤቱን ስላልለቀቀ መቺው የት ይቆማል? እኔ መቺው ካለበት ሳይንቀሳቀስ ምቱ ይቆጠርለት እላለሁ። ቁስሉም በክር ቢታሰር ተጫዋቹ አይረሳውም።

ወረራው፦ ተራ በሌለበት ሰዓት ሁለት የሚበላ ጠጠር ጨዋታው ሳይጀመር ይጨርሰዋል። ስለዚህ በወረራ ጊዜ ዝሆን የራሱን ግማሽ ሰሌዳ አይለፍ፣ የመጀመሪያውንም መብል ሌላ ጠጠር ይብላ።

ሙከራው፦ ጠጠሩን በመጀመሪያ ከካርቶን ቁረጡት። ቢያንስ አሥር ጊዜ ወገን እየቀያየራችሁ ተጫወቱ። ችግር ስታዩ በአንድ ጊዜ አንድ ሕግ ብቻ ለውጡ፤ ሁለቱን ከለወጣችሁ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። ከዚያ ጨዋታውን ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ አስረዱት። ሳያቋርጣችሁ ገብቶት ከተጫወተ ሕጉ አልቋል።

አቀራረጹ፦ የሰሌዳው ቤት ወርድና ቁመት 5 ሳንቲሜትር ከሆነ አራቱ ቤቶች 10 በ10 ናቸው፤ የዝሆኑ መቆሚያ 9 በ9 ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር አይጋፋም። መቆሚያው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ይሁን፣ የያዛቸው ቤቶች ከሩቅ እንዲለዩ። ቁመቱን ዝቅ አድርጉት፤ ከኋላው ያለ መደቅ መሸፈን የለበትም። ለዝሆኑ ቀላልና ለመሮ የሚመች ዋንዛ ይሻላል፤ ጠንካራውና ከባዱ ወይራ ለትንንሾቹ ይሁን። የግንዱን እምብርት የያዘ ጉማጅ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ለትልቁ ጠጠር አትጠቀሙበት፤ እንጨቱም በጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ።

ዝሆኑን ስትሸጡ ሕጉን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሳጥኑ ውስጥ አኑሩ፤ ከጎኑም የጥንቱን ሰንጠረዥ ሕግ አስቀምጡ። አዲሱን ሊጫወት የገዛ ልጅ ያባቶቹንም አብሮ ይማር።