ስልኩ የማን ነው?
እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ፣ ስልክ ስንደውል በጥሪው ፋንታ ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቅ ድምፅ እንሰማ ነበር። ሁሉም ሰማ፤ መስማት ብቻውን ግን ባህሪ አይለውጥም።

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚን እንውሰድ። መድኃኒቱ በተለምዶ 6 ወር ይወሰዳል። ሳሉ ሲቀንስ ታማሚው «ድኛለሁ» ብሎ ቢተወው በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ስልክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ለማስታወስ።

ታዲያ በበደሳ ዙሪያ ያለው ገበሬ በአብዛኛው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ማንበብ የማይችልም አለ። ስለዚህ ከጽሑፍ ይልቅ በቋንቋው የተቀዳ ድምፅ ይሻላል። ደግሞስ አንዱን ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ ቢጠቀምበትስ? «የቲቢ መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ከተባለ ምስጢር ወጣ ማለት ነው። «ነገ ቀጠሮ አለዎት» ይበቃል፤ ከቀረ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ትሂድ።