«መርፌ» ሁሉ ክትባት አይደለም
የገንዲ ልክፈትና የሰውነት መከላከያ ቃላት፤ ለካማሺ አካባቢ ከብት አርቢዎችና ለልማት ሠራተኞች

መግቢያ

በካማሺ ዞን፣ በአባይ፣ በዴዴሳና በዳቡስ ሸለቆዎች ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ ገንዲን ያውቃል። በሽታው በሬን ከቀንበር ያወጣል፤ ላምን ከወተት ያነጥፋል። ገበሬው በሬው በእርሻ ወራት ከወደቀበት የዓመት ቀለቡ ይጎድላል።

ይህን በሽታ ለመከላከል በሚደረገው ጥረት ውስጥ አንድ ቃል ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ቃሉም «መርፌ» የሚለው ነው። ከብት ሲከተብም «ተወጋ» ይባላል፤ ከታመመ በኋላ መድኃኒት ሲሰጠውም «ተወጋ» ይባላል። በዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ ለገንዲ የተወጋ በሬ እንደ ተከተበ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸውን ለመረዳት አስቀድመን ሌሎቹን ቃላት እንመልከት።

1. ስለ ልክፈት

ሀ. ጥገኛ ተውሳክ፦ በሌላ ፍጡር አካል እየኖረ ከእርሱ የሚመገብ ማለት ነው። የገንዲ ተውሳክ ትሪፓኖሶማ ይባላል። በከብት ላይ ገንዲን የሚያስከትሉት ዋና ዋናዎቹ ኮንጎሌንሴ፣ ቪቫክስና ብሩሴይ የተባሉት ዓይነቶች ናቸው። ያለ ማጉያ መሣሪያ በዓይን አይታዩም።

ለ. አስተላላፊ፦ ተውሳኩን ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚያደርስ ነው። የገንዲ ዋና አስተላላፊ የቆላ ዝንብ ነው። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ። ቪቫክስ የተባለው ተውሳክ ግን በሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚተላለፍ የቆላ ዝንብ በሌለበት ስፍራም ይገኛል።

ሐ. ልክፈትና በሽታ፦ ልክፈት ማለት ተውሳኩ በሰውነት ውስጥ ገብቶ መራባቱ ነው። በሽታ የምንለው ልክፈቱ ጉዳትና ምልክት ሲያሳይ ነው። በገንዲ ከዝንቡ ንክሻ እስከ ምልክቱ መታየት ከ4 ቀን እስከ 8 ሳምንት ገደማ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ የሚያምር በሬ ተለክፎ ሊሆን ይችላል።

መ. ምልክት፦ መጣ ሄደት የሚል ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ ክሳት፣ የጠጉር መቆም፣ የዓይን ማልቀስ፣ ጽንስ ማስወረድና ንፍፊት ናቸው። ንፍፊቱ በተለይ ከትከሻው ፊት ለፊት በእጅ ሲዳሰስ ይገኛል።

2. ሰውነት እንዴት እንደሚከላከል

ባዕድ ነገር ወደ ደም ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ይነሣሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ባዕዱን ይውጣሉ፤ ሌሎቹ ፀረ አካል የሚባለውን ያመርታሉ። ፀረ አካል እንደ ቁልፍና ጋን ቁልፍ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ተውሳክ የተሠራው ለሌላው አይገጥምም። በሽታው ካለፈም በኋላ ሰውነት ያን ተውሳክ ያስታውሰዋል። ዳግመኛ ቢመጣ ፈጥኖ ይገድለዋል። ይህ የመከላከል ኃይል ይባላል።

ክትባት ማለት ሰውነት ሳይታመም ይህን እንዲያስታውስ ማስተማር ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የፈጀው ይህ በሽታ ነበር። ቫይረሱ መልኩን ስለማይለዋውጥ አንድ ዓይነት ክትባት በየአገሩ ሠራ፤ በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

3. ገንዲ ክትባት የሌለው ለምንድን ነው?

ትሪፓኖሶማ እንደ ካባ ያለ ሽፋን ለብሷል። ከብቱ ለዚያ ሽፋን ፀረ አካል ሲያመርት አብዛኛው ተውሳክ ያልቃል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። ነገር ግን ሌላ ሽፋን የለበሱ ጥቂቶች ይተርፋሉ። የቀድሞው ፀረ አካል አያውቃቸውም። እነርሱም ይራባሉ፤ ትኩሳቱ ይመለሳል። ተውሳኩ በመቶ የሚቆጠሩ ሽፋኖችን ሊለዋውጥ ስለሚችል ሰውነት ሁልጊዜ ከኋላ ይከተላል። እስከ ዛሬ ለገንዲ ክትባት ያልተገኘውም ስለዚህ ነው። ትኩሳቱ ሲበርድ «በሬው ተሻለው» ማለትም የሚያሳስት አነጋገር ነው።

ትግሉ ራሱ ከብቱን ይጎዳዋል። በጣፊያና በጉበት ያሉ ዋጭ ሕዋሳት የከብቱን የራሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ጭምር ይውጣሉ፤ ደም ማነሱ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ከዚህም በላይ ገንዲ የያዘው ከብት የመከላከል ኃይሉ ስለሚደክም ለአባ ሰንጋ ወይም ለሌላ በሽታ ቢከተብ ክትባቱ በሚገባ ላይዝለት ይችላል።

ቻይነት የሚባልም አለ። እንደ ደቡብ ምዕራቡ የሸኮ ዝርያ ያሉ ከብቶች ቢለከፉም ከሌላው በተሻለ ሁኔታ ይቋቋሙታል። ይህ ግን አይለከፉም ማለት አይደለም።

4. ለገንዲ የሚሰጠው መርፌ ምንድን ነው?

ሀ. ፈዋሽ መድኃኒት፦ ዲሚናዚን በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ይገድላል። ከብቱ ከዚያ በኋላ በዝንብ ቢነከስ እንደገና ሊለከፍ ይችላል።

ለ. ጠባቂ መድኃኒት፦ አይሶሜታሚዲየም በሰውነት ውስጥ ቆይቶ እንደ ሁኔታው ከ2 እስከ 4 ወር ይጠብቃል። ይህም ክትባት አይደለም። የሚጠብቀው መድኃኒቱ እንጂ የከብቱ ሰውነት ስላልሆነ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ጥበቃው አብሮ ያልቃል።

ሐ. መድኃኒት መላመድ፦ የዲሚናዚን የተለመደው መጠን ለ1 ኪሎ ግራም የከብት ክብደት 3.5 ሚሊግራም ነው። 300 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ 1,050 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ይህ ለሁለት በሬዎች ቢከፈል እያንዳንዱ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ደካማዎቹ ተውሳኮች ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ተርፈው ይራባሉ፤ ዝንቡም እነርሱኑ ወደ ጎረቤት ከብት ያደርሳል። የተላመደው ተውሳኩ እንጂ ከብቱ አይደለም። ስለዚህ የአንዱ ሰው ቁጠባ የመንደሩን ሁሉ መድኃኒት ያበላሻል።

5. ማሳሰቢያ

• ከብት ሲወጋ «ክትባት ነው? ፈዋሽ ነው? ወይስ ጠባቂ?» ብሎ መጠየቅና ቀኑን መያዝ ይገባል።
• መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ በግምት መውጋት አይገባም። ክብደቱን የሚለካና መጠኑን የሚወስን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።
• ከተወጋ በኋላ ምልክቱ ያልጠፋ ከብት ካለ ለባለሙያው ማሳወቅና ደሙን ማስመርመር ያስፈልጋል።
• በገንዲ የተጠረጠረ ከብት በክትባት ዘመቻ ጊዜ ለባለሙያው አስቀድሞ ይነገር።
• ሰውነት ብቻውን ስለማያሸንፍ ዝንቡን መቀነስ ግድ ነው። በጸረ ዝንብ መድኃኒት የተነከሩ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቆች በወንዝ ዳር ሲተከሉ የመንደሩ የጋራ ንብረት ናቸውና አይነሡ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የተለከፈ ከብትና የታመመ ከብት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ለደስታ ክትባት ሲሠራ ለገንዲ ያልሠራው ለምንድን ነው?
3. ጎረቤትዎ «በሬዬን ባለፈው ዓመት ለገንዲ አስከትቤዋለሁ» ቢልዎት ምን ብለው ያስረዱታል?