መጠጥና የደም ስኳር

እናቶች ሆይ! ቤታችሁን በመጥረግ፥ የመጠጥ ውኃ በማፍላትና የልጆቻችሁን እጅ በማስታጠብ ቤተ ሰባችሁን ከብዙ በሽታ ትጠብቃላችሁ። የዛሬው ትምህርታችን ደግሞ በጓዳችሁ ስላለው ስለ ቦርዴው፥ ስለ ፓርሶው፥ ስለ ጠጁና ስለ አረቄው ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሳይበላ ቢጠጣ በተኛበት ሊሞት ይችላልና ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የደም ስኳር ምንድን ነው?

የምንበላው ቆጮም ሆነ ቂጣ፥ ጎደሬም ሆነ ስኳር ድንች ሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። አንጎል የሚያስበው፥ ክንድም ጉልበት የሚያገኘው በዚሁ ነው። የተረፈውን ጉበት ያስቀምጠዋል። ጎበዝ የቤት እመቤት ቆጮዋን በጉድጓድ ቀብራ በችግር ቀን እያወጣች ቤቷን እንደምትመግብ፥ ጉበትም ሰው ሲራብና ሲተኛ ካስቀመጠው ስኳር ጥቂት በጥቂት ለደም ይሰጣል። ያስቀመጠው ሲያልቅበትም አዲስ ይሠራል።

መጠጥ ምን ያደርጋል?

መጠጥ ወደ ደም ሲገባ ጉበት አስቀድሞ እርሱን ለማስወገድ ይታገላል፤ አዲስ ስኳር መሥራቱንም ያቋርጣል። ሰውየው ካልበላ የተቀመጠው ስኳር ቶሎ ያልቅና የደሙ ስኳር ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ወዲያው ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ፥ ሌሊት ወይም በማግሥቱ ጧት ሊደርስ ይችላል። ጣፋጭ ጠጅና ቦርዴ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስኳሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ሕመምተኛው በሁለት በኩል ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ኢንሱሊን ለሚወጋ ወይም ስኳር አውራጅ ኪኒን ለሚውጥ ሰው ነው። መድኃኒቱ ስኳሩን ሲያወርድ መጠጡ ጉበቱን ይይዝበታልና። «ቦርዴ እኮ ምግብ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ ወፍራም ነው፤ ብዙ ሰው በምሳ ፈንታ ይጠጣዋል። ለስኳር ሕመምተኛ ግን በምግብ ፈንታ አይሆንም።

ለምሳሌ በጊፋታ ሰሞን አንድ አባት ጧት ኢንሱሊኑን ተወግቶ፥ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲዞር ውሎ፥ እህል ሳይቀምስ አረቄ ቢጠጣ፥ ማታ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል። ቤተ ሰቡም «ሰክሯል፤ ተዉት ይተኛ» ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው! የስኳር መውረድና ስካር ይመሳሰላሉ። የልብ ምት መፍጠን፥ ድንገተኛ ረኃብና መወላገድም ምልክቶቹ ናቸው። ቢለካ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሆኖ ይገኛል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ/ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ስኳር ከሌለ ማር ስጡት።

2ኛ/ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ድገሙለት። ሲሻለው ቂጣ ወይም ቆጮ አብሉት። ሊመለስበት ስለሚችል ብቻውን አታስተኙት፤ ሌሊት እየቀሰቀሳችሁ እዩት።

3ኛ/ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉበት። በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ወደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሶዶ ሆስፒታል ውሰዱት። የስኳር ሕመምተኛ መሆኑንና መጠጣቱን ለሐኪሙ ንገሩ።

ስለ ልጆች

የሕፃን ጉበት የሚያስቀምጠው ስኳር ጥቂት ነው። ስለዚህ ለሆድ ቁርጠትም ሆነ ለብርድ ተብሎ አረቄ ለሕፃን አይሰጥ፤ ጠርሙሱም ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ልብ አድርጉ

የስኳር በሽታ የከተማ ሰውና የወፍራም ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። በጎንደርና በጅማ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭን ሕመምተኞች ታይተዋል። ከቤታችሁ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ፥ ቶሎ ቶሎ የሚሸናና የሚከሳ ሰው ካለ ሳይዘገይ ይመርመር። በጧት ምግብ ሳይቀምስ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ተደግሞም እንዲሁ ከተገኘ በሽታው አለበት ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለ ሰው መጠጥን ጨርሶ መተው ይበጀዋል። አልተውም ካለ ግን ሳይበላ እንዳይጠጣ፥ ጠጥቶም እራቱን ሳይበላ እንዳይተኛ ጠብቁት። «ሰክሯል» ብላችሁ ብርድ ልብስ ከማልበሳችሁ በፊት የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን አስቡ።