ካህኑ ስለ ምን ዐለፈ?

በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ስንሰብከውም አብዛኛውን ጊዜ ሳምራዊውን አመስግነን፣ ካህኑንና ሌዋዊውን ነቅፈን ከዐውደ ምሕረቱ እንወርዳለን። ኹለቱ ስለ ምን እንዳለፉ ግን እምብዛም አንመረምርም፤ ምርመራው ወደ ራሳችን ስለሚመልሰን ይኾናል።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ 1000 ሜትር ያህል የሚወርድ፣ ለወንበዴ የሚመች የምድረ በዳ ቍልቍለት ነው። ካህኑ ያለፈው ሬሳ መስሎት ነው የሚሉ አሉ፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 21 ካህን ከቅርብ ዘመዱ በቀር በሬሳ እንዳይረክስ ያዛልና። ነገር ግን ወንጌሉ ካህኑ ሲወርድ እንደ ነበረ እንጂ ሲወጣ እንደ ነበረ አይናገርም። የሚወርድ ሰው ጀርባውን ለቤተ መቅደስ የሰጠ ነው፤ እንግዲህ የሚያመካኝበት አገልግሎት በፊቱ አልነበረውም።

ይህንኑ ነገር በቅርብ ዘመን የፈተኑት አሉ። ዳርሊና ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚማሩ 40 ደቀ መዛሙርት ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኩ። እኵሌቶቹ የሚናገሩት ስለዚሁ ስለ ሳምራዊው ነበረ። በመንገዳቸው ላይ ለፈተናው የተዘጋጀ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ እያሳለና እያቃሰተ በደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ጊዜ ከነበራቸው ከመቶ 63ቱ ሲረዱት፣ እጅግ ፍጠኑ ከተባሉት የረዱት ከመቶ 10 ብቻ ኾኑ። ስለ ሳምራዊው ለመናገር ሲቸኵሉ ሰውየውን ተራምደው ያለፉም ነበሩ።

እኛ ካህናት ይህን ሰምተን አንሣቅ። ቅዳሴ ሊገባ ነው፣ ሕዝብ ይጠብቃል እያልን በደጀ ሰላም የወደቀውን ስንት ጊዜ ዐልፈናል?

ኹለተኛው ምክንያት የሰው ብዛት ነው። ዳርሊና ላታኔ በ1968 ባወጡት ጥናት፣ በየክፍላቸው ተለይተው በመነጋገሪያ መሣሪያ የሚወያዩ ተማሪዎች አንዱ ባልንጀራቸው የሚጥል በሽታ እንደ ተነሣበት ኾኖ ሲጮኽ ሰሙ። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ካሉት ከመቶ 85ቱ ድምፁ ሳይቋረጥ ለርዳታ ተነሡ፤ ሌሎች አራት ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን 31ዱ ብቻ። የቀሩትም ጨካኞች አልነበሩም፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የታማሚውን ደኅንነት ይጠይቁ ነበር። ሌላው ይደርስለታል ብለው እንጂ። ደግሞም ሰውን ኹሉ ጨካኝ አድርጎ መስበክ አይገባም፤ በ2019 የታተመ ጥናት በሦስት አገሮች ከተሞች በካሜራ የተቀረጹ 219 የመንገድ ጠቦችን ሲመረምር፣ ከ10 ጠቦች በ9ኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ገላጋይ ተገኝቶ ነበር።

በአገራችን በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመርበታል። የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው በጥምቀት ባሕር ዳር ቢወድቅ፣ ሕዝቡ ለሃጩ ይጋባብናል ብሎ ይሸሻል፤ ቀረብ ያለውም ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል። በሽታው ግን በመንካት አይተላለፍም፤ ክብሪቱም አይፈውስም። የሚገባው ከድንጋይና ከእሳት አርቆ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አንጥፎ፣ በጎኑ ማስተኛት ነው። በአፉ ማንኪያም ኾነ እንጨት አይከተትም። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። እስኪነቃ ድረስም የሚቀመጥለት ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው ይኸው ነው።

ብነካው በእኔ ይላከካል የሚል ፍርሃትም አለ። ሳምራዊውም ይህን ሊፈራ ይችል ነበር፤ ቍስለኛ ጭኖ የታየ ባዕድ ነውና። ኾኖም በዘይትና በወይን አከመው፤ በራሱ አህያ አስቀመጠው፤ ኹለት ዲናርም ከፈለ። እንግዳ ማረፊያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ሳምራዊውን ጌታችን ብለው የተረጐሙ አባቶች፣ የእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ማን እንደ ኾነ ለእኛ ለካህናቱ መንገር አያሻቸውም።

ስለዚህ በዓል ሳይደርስ ሰበካ ጉባኤው ጥላና ውሃ ያለበትን ስፍራ ይለይ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤትም የወደቀውን የሚያነሡ ወጣቶችን በየስማቸው ይመድብ። መስቀል ይዞ የቆመው ካህንም ሕዝቡን በጅምላ እርዱት ከማለት ይልቅ አንዱን በጣቱ ያመልክት፦ አንተ ነጠላህን አንጥፍ፤ አንቺ እኅቴ፣ ውሃ አቅርቢ፤ አንተ ደግሞ ባለ መኪናውን ጥራ ይበል።