ሐላል የሚል ስም ብቻውን አይበቃም



አሽዐሪዮች ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም መዲና ላይ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ ያላቸውን ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ ሥራቸው አወድሰዋቸዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

የተካፉል መንፈስም ይኸው ነው። አባላት በተበሩዕ፣ ማለትም በስጦታ ኒያ ያዋጣሉ። ጉዳት የደረሰበት ከጋራው ካዝና ይካሳል። በወካላ አሠራር አስተዳዳሪው አስቀድሞ የታወቀ ክፍያውን ይወስዳል፤ ካዝናው ግን የአባላቱ ነው።

ነገር ግን እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት የወር መዋጮ ማለት ከልጆቿ ማዕድ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ ለድሃ መድን የምናዘጋጅ ሁሉ እነዚህን እንጠየቃለን፦

1. ከተዋጣው ስንቱ ለተጎጂ ይመለሳል? ስንቱስ ለቢሮ ወጪ ይውላል?
2. ክፍያው በስንት ቀን ይደርሳል? ላሟ ለሕክምና ከተሸጠች በኋላ የሚመጣ ብር ላሟን አይመልስም።
3. የማይሸፈነው ነገር በሚገባት ቋንቋ ተነግሯታል? ያልተብራራ ውል የገረር በር ይከፍታል።

ዛሬ ከሶላት በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ለእድራችሁም አቅርቡ። መዋጮ አቅቶት ስሙ የተሰረዘ ጎረቤት ካለ ደግሞ የእሱን ክፈሉለት፤ ከሰደቃችሁ ይቆጠርላችኋል ኢንሻአላህ።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!