ድምፅና አውታር፦ በክራር የታጀቡ የተቀረጹ ዜማዎችን ስለ ማዳመጥ

ጭምቅ ሐሳብ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በክራር ታጅበው በሸክላና በሲዲ የተቀረጹ የአማርኛ ዜማዎች እንዴት ሊደመጡ እንደሚገባ ማመልከት ነው። ጽሑፉ በተለይ የካሳ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ቅጂዎች መነሻ ያደርጋል። ለማነጻጸሪያም በድምፅና በጊታር ላይ የተመሠረተውን የስፔን ፍላሜንኮ ይጠቀማል። የጽሑፉ መከራከሪያ ክራር ለግጥሙ ማድመቂያ ብቻ ሳይሆን የግጥሙ ትርጉም የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስን የዜማው አካል ነው የሚል ነው።

መግቢያ

በሥነ ጽሑፍና በፎክሎር ዘርፍ ዘፈን ሲጠና የተለመደው አሠራር ግጥሙን ከቅጂው ገልብጦ መተንተን ነው። አሠራሩ ሰምና ወርቁን፣ ዘይቤውንና ማኅበራዊ ይዘቱን ለማየት ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ግጥሙ ወደ ወረቀት በሚሻገርበት ጊዜ አውታሩ እዚያው ሸክላው ላይ ይቀራል። በሁለት ስንኞች መካከል ክራሩ ብቻውን የተጓዘበት ጊዜ በወረቀት ላይ ባዶ መስመር እንኳ አያገኝም። አንባቢው የሚያገኘው አዳማጩ ከሰማው ነገር ከፊሉን ብቻ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ ትኩረት ይሻል። የቆዩ ዜማዎች በኪቦርድና በኤሌክትሮኒክ ከበሮ እየታደሱ ይቀርባሉ፤ የቀድሞው ቅጂም ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ከድምፃዊው ስም በቀር ሌላ መረጃ ሳይያዝለት ነው። ክራሩ ምን ይሠራ እንደነበር ሳንለይ ቢተካ፣ ምን እንደጠፋ የምናውቅበት መንገድ አይኖርም።

ማዳመጡ የተካሄደው በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኝ የአጥኚው መኖሪያ ቤት ነው። እያንዳንዱ ዜማ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደምጧል፦ በመጀመሪያ ለግጥሙ፣ በሁለተኛ ለክራሩ ብቻ፣ በሦስተኛ ለሁለቱ ግንኙነት።

ቅጂዎቹና ዘመናቸው

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸበት ታሪክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ጀርመን ከተላኩት ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይጀምራል። የግል የሸክላ አሳታሚነት በአዲስ አበባ የተስፋፋው ግን ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሃ ሬከርድስን ካቋቋመ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ዝና በአብዛኛው የነሐስ መሣሪያ ለያዙት ትልልቅ ባንዶች ቢሆንም፣ ክራር ብቻ ይዘው የሚያዜሙ ድምፃውያንም በሸክላ ተቀርጸዋል። የክቡር ዘበኛው ካሳ ተሰማና የመድረክ ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሥራዎቻቸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ዳግም ታትመዋል፤ የአስናቀች 16ኛው፣ የካሳ ደግሞ 29ኛው ቅጽ ነው።

የሸክላው መጠን በዜማው ቅርጽ ላይ ተጽዕኖ ነበረው። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ነው። በጠጅ ቤት ወይም በድግስ ላይ እንደ ታዳሚው ስሜት የሚረዝመው ትዝታ በሸክላ ላይ የግድ ይታጠራል፤ አለዚያም በሁለት ገጽ ይከፈላል። ስለዚህ በሸክላ የምንሰማው የክራር መሸጋገሪያ ከዚያች ጠባብ ጊዜ ተቆርሶ የተሰጠ ነው። ድምፃዊው ሌላ ስንኝ ሊጨምርበት ይችል የነበረውን ጊዜ ለክራሩ ከተወ፣ መሸጋገሪያውን እንደ ትርፍ መቁጠር አይቻልም።

ክራሩ የሚችለውና የማይችለው

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። እንደ ጊታር አንገት ስለሌለው ጣት ክሩን ተጭኖ ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ አያወጣም፤ እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት ይኖርበታል። በትዝታ ሜጀርና በትዝታ ማይነር መካከል ያለው ልዩነት እንኳ የሁለት ድምፆች በግማሽ እርከን ዝቅ ማለት ስለሆነ፣ ያለ ቃኚው እጅ አይገኝም። በዜማው መግቢያ ላይ የሚሰማው የክራር ድርደራም አዳማጩን ወደ ቅኝቱ የሚያስገባ በር ነው።

አጨዋወቱ በሁለት ይከፈላል። በድርደራ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ፤ ዜማው ጠብ ጠብ እያለ ይሰማል። በግርፍ ቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም ክሮች ሲመታ፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ፤ ምቱ ይጎላል። አዳማጩ በመጀመሪያ ሊለየው የሚገባው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም የድርደራ ዝማሬ ለቃሉ ቦታ ይተዋል፣ ግርፍ ግን ቃሉን ተሸክሞ ይሮጣል።

የሰው ድምፅ በአንጻሩ አይታሰርም። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፣ ይርገበገባል፣ መድረሻው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይዘገያል። ክራሩ በዚህ ሊከተለው አይችልም። መሰንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ አውታሩ በጣት እየተነካ የፈለገውን ያህል ስለሚንሸራተት፣ አዝማሪው በድምፁ የሄደበትን ሁሉ እንደ ጥላ ይከተላል። ክራር እንደ ችካል ነው፤ በቦታው ይቆማል፣ ድምፅ በዙሪያው ይዞራል። የክራር ዜማ ውበት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በቆመው ክርና በሚዞረው ድምፅ መካከል በሚፈጠረው ርቀት ነው።

ከፍላሜንኮ ጋር ሲነጻጸር

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ፍላሜንኮም በተመሳሳይ ርቀት ላይ የቆመ ነው። የጊታሩ ድምፆች በአንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች የተወሰኑ ሲሆኑ፣ ዘፋኙ በእነርሱ መካከል ይዋልላል። ጊታሪስቱ በዘፋኙ ስንኞች መካከል የሚጫወተው «ፋልሴታ» የሚባል መሸጋገሪያ አለው፤ እንደ «ሶሌአ» ባሉት የዜማ ዓይነቶችም ሁለቱ በ12 ምት ዑደት ይገናኛሉ።

መሠረታዊው ልዩነት በሰዎቹ ቁጥር ላይ ነው። በፍላሜንኮ አጃቢው ሌላ ሰው ነው። ካማሮን ዴ ላ ኢስላ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 ከፓኮ ዴ ሉሲያ ጋር ባወጣቸው አልበሞች ውስጥ የሚሰማው የሁለት ሰዎች መደማመጥ ነው፤ አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው ይጠብቃል። ክራር ይዞ የሚያዜም ድምፃዊ ግን ጠሪም ተቀባይም ራሱ ነው። እጁ አፉን ይጠብቃል። ስለዚህ በካሳና በአስናቀች ቅጂዎች ልንከታተለው የሚገባው አንድ ሰው ትኩረቱን ለሁለት እንዴት እንደሚያካፍል ነው፦ ቃሉ ሲጠጥር እጁ ይቀልላል ወይስ አይቀልልም? ስንኙ ሲያልቅ ክራሩ ወዲያው ይመለሳል ወይስ ዝምታ ይቀድመዋል?

ሌላው ልዩነት ታዳሚውን ይመለከታል። በፍላሜንኮ አልበሞች ውስጥ የባልንጀሮች የማበረታቻ ጩኸትና ጭብጨባ አንዳንዴ አብሮ ይቀረጻል። በእኛ ዘንድ በአዝማሪ ፊት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚሰጠው ታዳሚ የዜማው ተባባሪ ደራሲ ነው፤ በስቱዲዮ ሸክላ ላይ ግን የለም። ያ ሰው የሚይዘውን ክፍተት በቅጂው ላይ ክራሩ ይሞላዋል።

መሸጋገሪያውና ወርቁ

የጽሑፉ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ በአንድ ጊዜ አይሰማም። ጆሮ በመጀመሪያ ሰሙን ይቀበላል፤ ወርቁ የሚገኘው ኅብረ ቃሉ ተመልሶ ሲፈታ ነው። ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛው ስንኝ ወዲያው ከተከተለ የመጀመሪያው ወርቅ ሳይወጣ ይቀበራል። የክራሩ መሸጋገሪያ ይህን ጊዜ ይሰጣል። አዲስ ቃል ሳይጨምር፣ ቅኝቱንም ሳያጠፋ፣ አዳማጩ ስንኙን በልቡ እንዲያመላልስ ያደርገዋል። አንድ ቅኔ አዋቂ ተናግሮ ዝም ሲል የሚሆነውን በዜማ የሚያደርገው ክራሩ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የመሸጋገሪያው ርዝመት የትርጉም ጉዳይ ነው። ግልጽ የሆነ የፍቅር ስንኝን አጭር መሸጋገሪያ ሊበቃው ይችላል፤ ውስጠ ወይራ የሆነ ነቀፌታ ግን ረዘም ያለ ይሻል። አንድ የታደሰ ቅጂ ክፍተቱን በከበሮና በተደራረበ ድምፅ ሲሞላው፣ ግጥሙ ቃል በቃል ቢጠበቅም አዳማጩ ወርቁን የሚፈልግበት ጊዜ ይወሰድበታል።

ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ ከቀረበው በመነሳት ሦስት ነገሮችን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ የዘፈን ግጥም ለጥናት ሲገለበጥ የመሸጋገሪያው ርዝመት በሰከንድ፣ አጨዋወቱም ድርደራ ወይም ግርፍ ተብሎ በስንኞቹ መካከል ይመዝገብ፤ ለዚህ የሙዚቃ ኖታ ዕውቀት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ አጃቢው ሌላ ሰው በሆነ ጊዜ ስሙ ከድምፃዊው ጎን ይስፈር፤ በፍላሜንኮ አልበሞች የጊታሪስቱን ስም ከዘፋኙ ጋር መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ሦስተኛ፣ ቅኝቱ ይጠቀስ፤ ቅኝቱ ያልታወቀ ዜማ ያለ ቤቱ የተገለበጠ ግጥም ያህል ጎዶሎ ነውና።

ለተራው አዳማጭ የሚቀርበው ምክር ከዚህ ያነሰ ነው። ከሚወደው የክራር ቅጂ አንዱን መርጦ፣ ግጥሙን በቃሉ እስኪይዝ ከሰማው በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቃሉን ትቶ እጁን ብቻ ይከተል። ክራሩ ዝም ባለበትም ቦታ ላይ ስንኙን ደግሞ ይጠይቅ፤ የዝምታው ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።